ያልወደቀውን ጠይቂ

ልጄ፣ ትናንት ማታ ስትደውዪ ድምፅሽ ውስጥ ደስታም ፍርሃትም ነበር። ከከተማው ዳር ያለ የጥቁር ድንጋይ ካባ ተንዷል፤ «መንስኤው ተጠንቶ ይቅረብ» የሚል ደብዳቤ መጥቷል፤ ከቢሮው ሰው ሁሉ አንቺ ተመድበሻል። «ጋሼ፣ ከምን ልጀምር?» አልሽኝ። ኔትወርኩ እየቆራረጠ ግማሹን እንኳ አልነገርኩሽም። ቀሪውን በጽሑፍ እነሆ። መጽሐፍ ልደግምልሽ አይደለም፤ መጽሐፉን አንቺ ከእኔ ይልቅ በቅርብ አንብበሽዋል። በቁጥር ያደረግሁት ፎቶ አንስተሽ በስልክሽ ይዘሽው እንድትሄጂ ብዬ ነው።

1. ከናዳው ሥር አትቁሚ።

ይህን ማንም ይነግርሻል፤ ቦታው ስትደርሺ ግን ትረሺዋለሽ። ድንጋዩ ተቆልሎ፣ አቧራው ሰክኖ፣ ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል ሰው «የሚወድቀው ወድቋል» ይላል። የወደቀው ድንጋይ እኮ ከጎኑና ከበላዩ ያለውን ደግፎ የያዘ ነበር። አሁን ድጋፉ ሄዷል፤ አዲሱ ግድግዳ ከበፊቱ ይልቅ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የነበሩት ስንጥቆችም ተላቀዋል።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ውስጥ የሆነውን ታስታውሻለሽ። የተቀበረ ዘመዳቸውን ሊያወጡ በተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ሁለተኛው መሬት ተንሸራተተባቸው፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። «እሱ አፈር ነው፣ የእኔ ዓለት ነው» እንዳትዪኝ፣ የዓለቱንም ልንገርሽ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ኤልም በምትባል መንደር የትምህርት ቤት ልጆች የሚጽፉበት ስስ ጥቁር ሰሌዳ የሚወጣበት ካባ ነበር። የተራራውን ጎን 180 ሜትር ያህል ወርድ ይዘው፣ ከ60 ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ቦረቦሩት። በ1881 እ.ኤ.አ. መስከረም ወር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አንደኛው ጎን ወደቀ። ሰዉ ወጥቶ ማየት ያዘ። ከሩብ ሰዓት በላይ ቆይቶ ሌላኛው ጎን ወደቀ። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ አልፎ ሁለቱ ጎኖች ይዘውት የነበረው መካከሉ መጣ። በጠቅላላው 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ድንጋይ፣ 115 ሰው።

ስለዚህ ግድግዳው 20 ሜትር ከፍታ ካለው ቢያንስ ያንኑ ያህል ራቂ፤ እኔ እጥፉን ነበር የምርቀው። የቅርብ ሥዕል ካስፈለገሽ ድሮን አለላችሁ። በእኛ ጊዜ የነበረው የአንገት መነጽር ብቻ ነው።

2. መጀመሪያ ወደ አፋፉ ውጪ።

ባለካባው ወደ ቁልሉ ይወስድሻል። አስገራሚው ነገር እዚያ ስለሆነ ነው፤ ክፋት የለውም። አንቺ ግን በጎን ዞረሽ ወደ አናቱ ውጪ። ከጠርዙ ወደ ኋላ 5፣ 10፣ 20 ሜትር እየራቅሽ መሬቱን በእግርሽ ፈልጊ። ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆኖ የሚሄድ ስንጥቅ ካገኘሽ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ከጠርዙ ያለውን ርቀት ጻፊ። ከዚያ ተንበርከኪና ውስጡን እዪ። የሣሩ ሥር ተወጥሮ አሁን የተበጠሰ ነው? ወይስ ስንጥቁ ውስጥ ደለል ገብቶ፣ በደለሉ ላይ ሌላ ሣር በቅሎበታል? የመጀመሪያው የሰሞኑ ነው። ሁለተኛው ከአንድ ክረምት በላይ እዚያው ተቀምጦ ሰው ሁሉ ሲራመድበት የኖረ ነው።

የገፈፉትን አፈር የት እንደቆለሉም ተመልከቺ። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር፣ መኪና ላለማመላለስ ሲሉ አፋፉ ላይ ነው የሚከምሩት። ያ ክምር ክብደት ነው፤ ከኋላው ደግሞ ውሃ ያቁራል።

3. የናዳውን ጠባሳ ዝናብ ሳያጥበው አንብቢ።

አካባቢው የጥቁር ድንጋይ አገር ስለሆነ የሚጠብቅሽን ልገምት። ባዛልቱ እንደ ጧፍ ተደርድሮ ቆሟል፤ በየጧፉ መካከል ስንጥቅ አለ፤ ከጧፎቹ ሥር ደግሞ ቀይ ንጣፍ። ያ ቀይ ንጣፍ በአንዱ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታና በሚቀጥለው መካከል ባለፈው ረጅም ዘመን የተፈጠረ የጥንት አፈር ነው። በላዩ የመጣው ቅልጥ ድንጋይ አናቱን እንደ ሸክላ ጠብሶታል፤ ከዚያ በታች ያለው ግን ጭቃ ሆኖ ቀርቷል። ውሃ በጧፎቹ መካከል ቁልቁል ይወርድና እዚያ ሲደርስ ይቆማል።

ደህንነቱ በተረጋገጠ ጫፍ በኩል፣ ጠባቂ ሰው ወደ ላይ እያየልሽ፣ ወደዚህ ንጣፍ መጠጋት ከቻልሽ በጣትሽ ቆንጥረሽ እሺው። እንደ ሳሙና ይሙለጨለጫል? ገጹ እንደ ተወለወለ ቆዳ ያብረቀርቃል? በላዩስ ጭረቶች አሉ? ጭረቶቹ ወርቅ ናቸው። ድንጋዩ በየት አቅጣጫ እንደሄደ በራሱ እጅ የጻፈው ነው፤ አንድ ጥሩ ዶፍ ደግሞ ያጠፋዋል። በዚያው ቀን አቅጣጫውንና ዝንባሌውን ለኪ፣ መዶሻሽን ለመጠን አጠገቡ አስቀምጠሽ ፎቶ አንሺ። ከጭቃው ጥቂት ሳታፈራርሺ ቆርጠሽ በላስቲክ ጠቅልይው፤ እርጥበቱ እንዳይጠፋ በሰም ድፈኚው።

ከዚያ ከላይ ያለውን የተገነጠለ ገጽ በቀለሙ ክፈይው። ቡኒ የዛገ፣ ነጭ ማዕድን የለበሰ ወይም ሥር የገባበት ከሆነ ስንጥቁ ድሮም ነበር። ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣ ጠርዙ የሚቆርጥ ከሆነ በዚያን ቀን የተሰበረ ነው። ከጠባሳው ምን ያህሉ አሮጌ፣ ምን ያህሉ አዲስ እንደሆነ በዓይንሽ ገምቺ። ዘጠኝ እጁ አሮጌ ከሆነ ግድግዳው ከመጀመሪያውም ቆሞ የነበረው በአንዷ እጅ ነው ማለት ነው።

4. ኮምፓስሽን አትመኚው።

ባዛልት ውስጥ ማግኔታይት አለ፤ መብረቅ የመታው አናት ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። መርፌዋ ወደ ሰሜን ሳይሆን ወዳሻት ታያለች። ከረዳትሽ ጋር 20 ሜትር ተራርቃችሁ ቁሙና እርስ በርስ ለኩ፤ ሁለቱ ንባብ በ180 ዲግሪ ካልተለያዩ አንዳችሁ የቆማችሁበት ድንጋይ እየዋሻችሁ ነው። ኤክስካቫተር አጠገብ ቆመሽም አትለኪ። እኔ መዶሻዬን ወገቤ ላይ ሰክቼ ግማሽ ቀን የለካሁበት ጊዜ አለ፤ ማታ ቁጥሮቹን ሥዕል ላይ ሳስቀምጣቸው ተራራው የዞረ መስሎኝ ነበር።

5. «ዝናብ ነው» ብለሽ አትፈርሚ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ፤ ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ በእሱ ምክንያት ነውና።

የዛሬ 30 ዓመት ገደማ፣ እንዳንቺው ጀማሪ ሳለሁ፣ ነሐሴ ውስጥ የተናደ አንድ ካባ እንዳጠና ተላክሁ። ግድግዳው 200 ሜትር ርዝመት ነበረው፤ የወደቀው 40 ሜትሩ ነው። ሰው አልተጎዳም። ሦስት ቀን ዝናቡ ሳያባራ ዘንቦ ነበር። ተመለስኩና አራት ገጽ ጻፍኩ፦ «የአደጋው መንስኤ ያልተለመደ ከባድ ዝናብ ነው።» ሁሉም ሰው ደስ አለው። ባለካባው ደስ አለው፤ አለቃዬም ገጹ አጭር በመሆኑ አመሰገነኝ። ዝናብ ጥሩ ተከሳሽ ነው፤ ይግባኝ አይጠይቅም፤ መቀጮም አይጣልበትም።

በሁለተኛው ዓመት ከዚያው አጠገብ ያለው ግድግዳ ወደቀ። በታኅሣሥ፣ ሰማዩ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ፣ ጠብታ ባልነበረበት ወር። የዘበኛው ጎጆ ከሥሩ ነበር። ሰውዬው ተረፈ፤ ቀኝ እግሩ ግን ቀረ።

ወደ ቤቴ ሄጄ የድሮውን የመስክ ደብተሬን አወጣሁ። በራሴ እጅ፣ በእርሳስ፣ «ቀይ አፈር፣ 30 ሳ.ሜ.፣ ወደ ካባው ያዘነበለ» የሚል ተጽፏል። አይቼዋለሁ። ለክቼዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልጠየቅሁትም፤ ዝናቡ መልሱን ቀድሞ ሰጥቶኝ ነበርና። ባለካባው ደግሞ በእኔ ወረቀት ተማምኖ፣ ክረምቱ ሲወጣ ያልወደቀውን 160 ሜትር ከሥሩ መቁረጡን ቀጠለ። ቁፋሮው ቀዩ ንጣፍ ጋ ሲደርስና ንጣፉ ግድግዳው ላይ ወጥቶ ሲታይ፣ በላዩ የነበረው ዓለት ፊት ለፊት የሚይዘው አጣ።

ያኔ ልጠይቀው የሚገባኝ ጥያቄ ቀላል ነበር። ዝናቡ በ200 ሜትሩም ላይ ነው የዘነበው፤ 160ው ለምን ቆመ? በ40ው ዘንድ ያለ፣ በ160ው ዘንድ የሌለ ምንድን ነው? ወይስ እዚያም አለ፣ ገና አልተነካም? የወደቀው ድንጋይ ጉዳዩን ጨርሷል። የሚጠየቀው የቆመው ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ የሚባለው ለእኛ ሥራ የተነገረ ይመስለኛል።

ይህን ስልሽ ውሃ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ሥራውን በስሙ ጥሪው ነው የምልሽ። በየት ገባ? የት ቆመ? ስንት ሜትር ከፍታ ሞላ? አፋፉ ላይ ያለ ስንጥቅ 5 ሜትር ድረስ ውሃ ከሞላው፣ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 12 ቶን ተኩል ያህል ግፊት ወደ ውጭ ይገፋል። 10 ሜትር ቢሞላው 25 አይሆንም፤ 50 ቶን ነው። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከሥር የገባው ደግሞ ዓለቱን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ጭቃውን ያላላል። ደረቅና ሸካራ የባዛልት ስንጥቅ 35 ዲግሪ ቢያዘነብልም የላዩን ሊይዝ ይችላል፤ አንዴ የተንሸራተተ እርጥብ ጭቃ ግን 15 ዲግሪም ይበዛበታል።

የሚቲዎሮሎጂ መዝገቡን ስትጠይቂም የአደጋውን ሳምንት ብቻ አትውሰጂ። የ10 ዓመት ዕለታዊ ዝናብ አምጪ። ከዚያ የበለጠ ዘንቦ ግድግዳው ቆሞ ያለፈበት ክረምት ካለ፣ ጥያቄሽ «ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ?» ይሆናል።

6. አወዳደቁን ለዪ።

ዓለት በሦስት መንገድ ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው፦ በአንድ ገጽ ላይ ተንሸራቶ፣ በሁለት ገጾች መገናኛ እንደ ሽብልቅ ሾልኮ፣ ወይም ወደ ፊት ተገልብጦ። ጧፎቹ ከሥር ሲቦረቦሩ ይገለበጣሉ፤ ቀዩ ንጣፍ ሲጋለጥ ሁሉም አንድ ላይ ይንሸራተታል። በአንድ ካባ ውስጥ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን ሊጠራም ይችላል። በአንድ ገጽ ለመንሸራተት ገጹ ግድግዳው ላይ ወጥቶ መታየት፣ ከግድግዳው ይልቅ ጋደም ማለት፣ አቅጣጫውም ከግድግዳው አቅጣጫ በ20 ዲግሪ ውስጥ መሆን እንዳለበት ታውቂዋለሽ። የገጾቹን አቅጣጫና ዝንባሌ የምታሰፍሪበትን ስቴሪዮኔት በእጅሽ አንድ ጊዜ ሥሪው። ሶፍትዌሩ የገባለትን ሁሉ በሚያምር ቀለም ነው የሚያወጣው፤ ስሕተቱንም ጭምር።

7. ሻይ የምትሸጠዋን አትለፊያት።

ፎርማኑን በቢሮው፣ ከባለካባው ፊት ብትጠይቂው የሚነግርሽ የተማከሩበትን ነው። አልፈርድበትም፤ እንጀራው ነው። ድንጋይ ፈላጮቹን ለየብቻ፣ በሥራ ዕረፍታቸው ጠይቂ። «ለምን ወደቀ?» አትበያቸው፤ ይህ ያንቺ ሥራ ነው። «ያን ጠዋት ምን ሰማህ? ምን አየህ? የት ቆመህ ነበር?» በያቸው። ከመናዱ በፊት ባሉት ቀናት ጠጠር ሲንጠባጠብ፣ ግድግዳው ሲንቋቋ፣ ከስንጥቅ አቧራ ሲወጣ የሰማና ያየ አይጠፋም። ሰዓት አትጠይቂ፤ «ከቁርስ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ገልባጩ መኪና ስንተኛ ምልልሱ ላይ ነበር?» በያቸው። በዚያ መንገድ ሰዓቱን ራስሽ ታገኚዋለሽ።

ሻይ የምትሸጠው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የምትውል ብቸኛ ሰው ናት። አንዷ ሻይ እየቀዳችልኝ፣ ከግርጌው የሚወጣው ውሃ ከሳምንት በፊት ጀምሮ እንደደፈረሰባትና ከቦኖ መቅዳት እንደጀመረች ነገረችኝ። የደፈረሰው ውሃ ጭቃውን ከንጣፉ እያጠበ ያወጣው ነበር። በየትኛውም መዝገብ ላይ አልነበረም።

ባለካባው ምሳ ይጋብዝሻል። ክትፎ ነው የሚሆነው፤ ሁልጊዜ ክትፎ ነው። ምሳሽን ቋጥረሽ ሂጂ።

8. ወረቀቱንም ቆፍሪው።

የፍንዳታ መዝገቡን ጠይቂ፦ ስንት ቀዳዳ፣ ምን ያህል ጥልቀት፣ ምን ያህል ድማሚት። በቆመው ግድግዳ ላይ የቀዳዳዎቹ ግማሽ ቅርጽ እንደ አሸንዳ ከታየሽ ፍንዳታው በልክ ነበር። አንዱም ከሌለና ዓለቱ ወደ ኋላ ከተሰነጣጠቀ፣ ፍንዳታው ያልተፈቀደለትንም ድንጋይ ሰብሯል። ፈቃዱ ላይ ያለውን ሥዕልም ከመሬቱ ጋር አስተያዪው። እርከኖቹ ሥዕሉ ላይ ሦስት ሆነው መሬት ላይ አንድ ከሆኑ፣ ያንን ምንም ቅጽል ሳትጨምሪ በሜትር ጻፊው። የድሮ የሳተላይት ፎቶዎች ካገኘሽ ግርጌው በየዓመቱ ምን ያህል እንደተቆረጠ ያሳዩሻል።

9. ወደ ኋላ ስትሰዪ ትሑት ሁኚ።

ግድግዳው በተነቃነቀባት ቅጽበት የሚይዘውና የሚጎትተው ኃይል እኩል ነበሩ፤ የደህንነት ልኩ 1 ነው። ከዚያ ተነስተሽ የጭቃውን ጥንካሬ ማስላት ትችያለሽ፤ ከእኛ መሣሪያዎች ሁሉ እኔ የምወደው ይህንን ነው። ነገር ግን አንድ እኩልታ ይዘሽ ሁለት ያልታወቁ ነገሮችን ነው የምትፈልጊው፤ የጭቃውን የመጣበቅ ኃይልና የሰበቃውን ማዕዘን። የውሃውን ከፍታ ከጨመርሽ ሦስት ይሆናሉ። የላቦራቶሪው ውጤት አንዱን ካልያዘልሽ፣ አንድ ቁጥር ጽፈሽ አታስመርቂ፤ ከዚህ እስከዚህ ብለሽ ጻፊ።

10. ከመመለስሽ በፊት ሚስማር ቸክለሽ ተመለሺ።

ሪፖርትሽ ሁለት ወር ይፈጃል። ያልወደቀው ግድግዳ ሁለት ወር ላይጠብቅሽ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ሳትጨርሺ፣ አፋፉ ላይ ባገኘሻቸው ስንጥቆች ግራና ቀኝ ባለ 12 ፌሮ፣ ግማሽ ግማሽ ሜትር አስቆርጠሽ ትከዪ። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በብረት ሜትር ለኪ። ግንብ ካለም ስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፊበት፤ ቢንቀሳቀስ ይሰነጠቃል።

አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ቢንግሃም ካንየን በሚባለው የመዳብ ማዕድን ሚያዝያ 2 ቀን 2005 ዓ.ም. ወደ 140 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ድንጋይ ወረደ። አንድም ሰው አልቆሰለም። ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ራዳር እንቅስቃሴውን ይከታተል ስለነበር ሰዉን አስቀድመው አውጥተውት ነበር። የራዳሩ ሚስጥር ፌሮዎቹ ከሚነግሩሽ አይለይም፤ ፍጥነቱን ነው የሚለካው። ፉኩዞኖ የተባለ ጃፓናዊ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘዴ አለ። ስንጥቁ በመጀመሪያው ቀን 2፣ በሁለተኛው 2.5፣ በሦስተኛው 3.3፣ በአራተኛው 5 ሚሊ ሜትር ሰፋ እንበል። አንድን በየፍጥነቱ አካፍዪ፦ 0.5፣ 0.4፣ 0.3፣ 0.2። በወረቀት ላይ ነጥቦቹን አገናኚና መስመሩን አስረዝሚው፤ በስድስተኛው ቀን ዜሮን ይነካል። ትንቢት አይደለም፤ አንድ ዶፍ ቀኑን ያቀርበዋል፤ ሳይናገር የሚሰበር ዓለትም አለ። ኤክስካቫተሩን ከግርጌው ለማስወጣት ግን ይበቃል። ይህን ለማዘዝ ሪፖርቱን አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን በደብዳቤ፣ ከየት እስከ የት እንደሆነ በሥዕል አስምረሽ ስጪ፤ የተቀበለው ሰው ይፈርምልሽ።

ልኬቱን የሚወስደው ዘበኛው ይሁን። ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ከእሱ በቀር እዚያ የሚገኝ የለም፤ ከማንም ይልቅ ነገሩ የሚያገባውም እሱ ነው። ጎጆው ከግድግዳው ሥር ከሆነ መጀመሪያ ጎጆውን አስነሺ። ከዚያ አንድ ሁለቴ አብረሽው ለኪና የሜትሩን ጫፍ የት እንደሚይዝ አሳይው፤ ቁጥሩን እየጻፈ በስልክ እንዲልክልሽ ንገሪው። ደብተርና እስክሪብቶ ግን ከዚሁ ገዝተሽለት ሂጂ፤ ባለ 50 ሉኩ ይበቃዋል።